ቅጹ ላይ የጻፍኩት የመኪናዬ ዋጋ

ቪትዟን በጥር 2016 ስገዛ ኢንሹራንስ ማለት ለእኔ ሦስተኛ ወገን ብቻ ነበር። ያለ እሱ መንዳት ክልክል ነው፤ ይከፈላል፣ ስቲከሩ ፓራብሬዛው ላይ ይለጠፋል፣ አለቀ። ሦስተኛ ወገን የሚክሰው እኔ የጎዳሁትን ሰው እንጂ የእኔን መኪና እንዳልሆነ በደንብ አላስተዋልኩም። ለዚያውም ጣሪያ አለው። በ2005 የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 100,000 ብር ነበር። ከጣሪያው በላይ ያለው ከራስ ኪስ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው የመከረኝ። "ያጠራቀምከው ሁሉ እዚህች መኪና ላይ ነው፤ ሙሉ ግባ" አለኝ። ሙሉው ግጭትን፣ መገልበጥን፣ ቃጠሎንና ስርቆትን ይይዛል። ገባሁ።

የተሳሳትኩት ቅጹ ላይ ነው። ዓረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምከፍለው ገንዘብ፣ የሚሰላው ከመኪናው ዋጋ በመቶኛ ስለሆነ ዋጋዋን ዝቅ ሳደርግ ክፍያውም ዝቅ አለልኝ። 900,000 ብር ብዬ ጻፍኩ። ገበያው ያኔም ከዚያ በላይ ነበር። ጥቂት ሺህ ብር አተረፍኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው ተመን ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። መኪናውም መለዋወጫውም አብሮ ተሰቀለ። የእኔ ውል ላይ ያለው ግን ያው 900,000 ነው።

ጥቅምት 2017፣ ከሰዓት በኋላ። ባሕር ዳር ውስጥ ከግሽ ዓባይ ሰፈር ወደ ጊዮርጊስ ስመጣ ከፊቴ የነበረች ባጃጅ ተሳፋሪ ለመጫን ያለ ፍሬቻ ቆመች። ፍሬን ይዤ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ። ኋላዋን ገጨት አድርጌ ዘንባባው ላይ ተላተምኩ። ኮፋኖው ተጨማዷል፣ የቀኙ መብራት አስፋልቱ ላይ ተበትኗል። ከራዲያተሩ አረንጓዴ ውሃ እየተንጠባጠበ ወደ ዘንባባው ሥር ይወርዳል። የባጃጁ ልጅ ሮጦ መጣና "ተረፍክ ወይ፣ ወንድሜ?" አለኝ። ሁለታችንም ተርፈን ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳ መኪናዋን አላንቀሳቀስኩም። ፎቶም አነሳሁ። በማግስቱ ጠዋት ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄጄ አሳወቅኩ። ይሄን ጥሩ አድርጌያለሁ።

የጋራዡ ዋጋ 200,000 ብር መጣ። ገማቹ መኪናዋን አሁን ባለው ገበያ 1,500,000 አላት። ከዚያ የካሳ ክፍሏ ሠራተኛ ወረቀት አውጥታ አሰላችልኝ። "ጋሼ፣ እርስዎ ኢንሹራንስ የገቡት ለመኪናዎ ዋጋ 60 በመቶ ነው። እኛም የምንከፍለው የጉዳቱን 60 በመቶ ነው።" 120,000 ማለት ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ ውሉ በየአደጋው እኔ እንድችል የሚያዘው 10,000 ተቀነሰ። የቀረውን 90,000 ብር ከኪሴ ከፈልኩ። የባጃጁን ሦስተኛ ወገኑ ሸፈነው።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ውሉን ሳነበው ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ዘጠኝ ወር ሙሉ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው አንድ ቀን አላነበብኩትም።

ውሉን ሳድስ አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ስፖኪዮ ብቻ ቢሰረቅስ? በእኔ ውል ውስጥ የለም፣ ተጨማሪ ተከፍሎበት ይገባል። የሁከትና የሽፍታ ጉዳትም እንዲሁ ለብቻው ነው፤ ከከተማ የሚወጣ ሰው ይሄን ሳይጠይቅ ባይፈርም ደስ ይለኛል። ወንድሜ ቢነዳትስ? መንጃ ፈቃዱ ለዚያ መኪና የሚሆን ካልሆነ ካሳ የለም። የቤት መኪና ብሎ አስመዝግቦ ሰው እየጫኑ መሥራትም ካሳ ያስከለክላል። ካሳ ሳይጠይቁ ለቆዩበት ዓመት ቅናሽ ስላለ፣ ለትንሽ ጭረት ቢሮ ከመሄድ ራሴው ባሠራት እንደሚሻለኝም ገባኝ።

ከሁሉም በላይ ግን ዋጋዋን እከታተላለሁ። ገበያው ከተለወጠ ዓመቱ እስኪያልቅ አልጠብቅም፤ ሄጄ ልዩነቱን ከፍዬ ውሉን አሻሽላለሁ።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ኮሮላቸውን ሊያድሱ ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርኩ። ዋጋው ጋ ሲደርሱ እስክሪብቶውን አቁመው ቀና አሉ።

"ስንት ልበል?"

በዋዜማው ሦስት ደላላ ጠይቄ የጻፍኩትን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ።