ሪሲቨር ፍለጋ፦ ምስሉን ለቲቪው፣ ድምፁን ለሳጥኑ

"ሪሲቨር ልገዛ ነው" ስል የሰማ ሁሉ የሚያስበው የዲሽ ሪሲቨር ነው። "ስንት ቻናል ይይዛል?" ይሉኛል። "ሰባት" እላለሁ። "ሰባት ብቻ?" ብለው ይስቃሉ። የነሱ ቻናል ሌላ፣ የኔ ቻናል ሌላ፤ የኔው ለአንድ ስፒከር የሚሄድ የድምፅ መስመር ነው።

እኔ የምፈልገው ከጌም ኮንሶልና ከቲቪ የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ፣ አጉልቶ፣ ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለውን ትልቁን ጥቁር ሳጥን ነው። ማታ ማታ ጌም እጫወታለሁ። በቀረው ጊዜ ሙዚቃ እሰማለሁ። ለሁለቱም አንድ ዕቃ ይበቃኛል ብዬ ተነሳሁ። አዎ፣ ይበቃል። ግን ይህን እስካውቅ ድረስ አንድ ጊዜ ተሳስቼ ገዝቻለሁ።

የመጀመሪያው ያገለገለ ነበር። ከባድ ነው፣ ፊቱ በቁልፍ የተሞላ ነው፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ "165 ዋት" ይላል። ዓይኔ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ከኋላው ያሉትን፣ ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚያልፍባቸውን የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች ቆጠርኩ፤ ስድስት። በቃ፣ ተመቸኝ። ብዛታቸውን እንጂ ምን እንደሚችሉ አልጠየቅኩም።

ቤት ገብቼ ፕሌይስቴሽን 5ን ከሪሲቨሩ፣ ሪሲቨሩን ከቲቪው ጋር አገናኘሁ። ድምፁ ጉድ ነበር። ምስሉ ግን ወደኋላ ሄደ። ቲቪዬ 4ኬ ምስል በሰከንድ 120 ጊዜ ማሳየት ይችላል። ኮንሶሉም ይችላል። መሃል የገባው ሪሲቨር ግን አይችልም። የኮንሶሉ ሴቲንግ ውስጥ ስገባ 120 የሚለው ምርጫ የለም፤ 60 ላይ ቆሟል። ጌሙ በሚፈጥንና በሚዘገይ ቁጥር ቲቪው አብሮ እንዲሄድ የሚያደርገው ቪአርአር የሚሉትም ጠፍቷል።

ነገሩ የቧንቧ ጉዳይ ነው። የድሮው ኤችዲኤምአይ 2.0 በሰከንድ እስከ 18 ጊጋቢት ያሳልፋል። ይህ ለ4ኬ በ60 ይበቃል። በ120 ሲሆን ግን ይጠበዋል። 2.1 የተባለው እስከ 48 ይደርሳል። ፕሌይስቴሽን 5 እስከ 32፣ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ደግሞ እስከ 40 ይልካሉ። መሃል ላይ ጠባብ ቧንቧ ካለ ጫፍና ጫፉ ቢሰፋ ምን ዋጋ አለው?

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዕቃው ላይ "ኤችዲኤምአይ 2.1" የሚል ጽሑፍ ማየት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። በ2.1 ስም ከሚጠሩት ችሎታዎች አብዛኞቹ ለአምራቹ የተተዉ ናቸው፤ ሊያስገባቸውም ላያስገባቸውም ይችላል። አንዳንዱ ሪሲቨር ስድስት ቀዳዳ ኖሮት ሰፊው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት "ስንቱ ቀዳዳ 4ኬ በ120 ያሳልፋል? በሰከንድስ ስንት ጊጋቢት?" ተብሎ ነው። 24 የሚል አለ፣ 40 የሚልም አለ። ሻጩ ካላወቀ መመሪያው ላይ ተጽፎ ይገኛል።

እኔ ያኔ ይህን ስለማላውቅ ለመዳን ሌላ ዘዴ ሞከርኩ። ኮንሶሉን ቀጥታ ከቲቪው ጋር አገናኘሁና ቲቪው ድምፁን መልሶ ለሪሲቨሩ እንዲልክ አደረግኩ። ይህ መንገድ አርክ ይባላል። 120ው ተመለሰ፤ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየ። አርክ ባለብዙ ቻናል ድምፅ የሚያሳልፈው ተጨምቆ ከሆነ ብቻ ነው። ፕሌይስቴሽኑ ድምፁን ጨምቆ ይልካል፣ ሪሲቨሩ መልሶ ይፈታል፣ በዚህ መሃል ጊዜ ይሄዳል። ተኩሼ ከጨረስኩ በኋላ የተኩሱ ድምፅ ይመጣል። ትንሽ ናት፣ ግን አንዴ ካስተዋሏት በኋላ አትለቅም። ኒንቴንዶ ስዊቹ ደግሞ ባሰ። እሱ ባለ 5.1 ድምፁን (ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሰብዉፈር፣ ማለትም ለቤዝ ብቻ ለተሠራ ስፒከር የሚሄደውን) የሚያወጣው ሳይጨመቅ ነው። በአርክ ስለማያልፍ የኋላ ስፒከሮቼ ጭጭ አሉ፤ ሁለቱ የፊቶቹ ብቻ ቀሩ።

መፍትሔው ኢአርክ የሚባለው አዲሱ መንገድ ነበር። እሱ እስከ ስምንት ቻናል ሳይጨመቅ ያሳልፋል፤ ከላይም ጭምር የሚያሰማው ዶልቢ አትሞስም ሙሉ በሙሉ ያልፋል። ቲቪዬ ኢአርክ አለው። ሪሲቨሬ የለውም። ሳጥኑ ስንት ዋት እንዳለው አጥርቼ አውቅ ነበር፤ ይህን ግን ለማየት አላሰብኩም።

ያ 165 ዋት ራሱ ምን ነበር? አንድ ቀን ተናድጄ የመመሪያውን የመጨረሻ ገጾች አነበብኩ። በትንንሽ ፊደል እንዲህ ይላል፦ አንድ ቻናል ብቻ ሲሠራ፣ በ6 ኦም፣ በ1 ኪሎኸርዝ፣ ከ10 በመቶ መዛባት ጋር። ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ነው፤ ኸርዝ ደግሞ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ ይነግራል። አሥር በመቶ የተዛባ ድምፅ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ አይሰማም። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ፦ ሁለት ቻናል ሲሠራ፣ በ8 ኦም፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ፣ 0.08 በመቶ መዛባት፣ 90 ዋት። ሳጥኑ ያው አንድ ሳጥን ነው። ካርቶኑ ላይ የወጣው ግን ትልቁ ቁጥር ነው። ይህ ጨዋታ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የአምፕሊፋየር ዋት እንዴት ተለክቶ መነገር እንዳለበት የሚደነግግ ሕግ የወጣው በ1974 ነው።

ደግሞ 90ውም ቢሆን ይተርፋል። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ ጎልቶ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ገደማ ይፈልጋል፤ ያ ማለት አሥር እጥፍ ዋት። የኔ ስፒከሮች በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል ይሰጣሉ። ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ ስሰማ ከጥቂት ዋት በላይ የምጠቀመው ከበሮው ድንገት ሲመታ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሪሲቨር ሳወዳድር 80 ዋት ይሁን 100 ግድ የለኝም። ስፒከሮችህ 4 ኦም ከሆኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ ሪሲቨሩ እንደሚችላቸው ማጣራት ግድ ነው።

ሙዚቃ ወዳድ ጓደኛ አለኝ። "ለሙዚቃ ባለሁለት ቻናል አምፕሊፋየር ካልገዛህ ለፍተህ ቀረህ" ይለኝ ነበር። አንድ ቀን የራሱን ተሸክሞ መጣ። ከኔ ስፒከሮች ጋር አገናኘንና ሰማን። እውነትም የሱ በለጠ። ገላጣ ነው፣ ጉልበት አለው። ልሸነፍ ስል አንድ ነገር ጠረጠርኩ፤ የሱ ድምፁ ከፍ ብሏል። ጆሮ ደግሞ ትንሽ ከፍ ያለውን "የተሻለ" ብሎ ነው የሚቀበለው። ስልኬ ላይ ያለውን የድምፅ መለኪያ አውጥቼ ሁለቱን እኩል አደረግኳቸው። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ይሰማል፣ እኔ ገመድ እቀያይራለሁ። "ይሄ የኔ ነው" ይላል፤ የኔ ነው። "ይሄ ያንተ" ይላል፤ የሱ ነው። አሥር ጊዜ ያህል ከሞከርን በኋላ ወሬ ቀየረ።

ሁሉም አምፕሊፋየር አንድ ነው እያልኩ አይደለም። የኔ ሳሎን ውስጥ፣ በነዚያ ስፒከሮች፣ በዚያ ድምፅ ልዩነቱ እኛ የምንለየው አልነበረም። ይልቅ የድምፁ ችግር ሌላ ቦታ እንዳለ ያን ቀን ገባኝ። በሁለቱም ዕቃ ቤዙ ያጉረመርማል።

ሳሎኔ ከፊት ግድግዳ እስከ ኋላ ግድግዳ 4 ሜትር ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ይህን ለ4 ሜትር እጥፍ፣ ማለትም ለ8 ሲያካፍሉት 43 ኸርዝ አካባቢ ይመጣል። ክፍሉ ራሱ በዚህ ድምፅ ያስተጋባል ማለት ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው። ቤዚስቱ ያችን ክር በነካ ቁጥር ቤቱ "ቡምምም" ይላል። ይህ ማጉረምረም ደግሞ በጣም የሚበረታው ግድግዳው አጠገብ ነው፤ ሶፋዬ የተጠጋውም እዚያው ነበር። መሃል ላይ ሲሆን በተቃራኒው ይጠፋል። ሶፋውን ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ሳብኩት። ምንም ሳልገዛ የሰማሁት ትልቁ ለውጥ ይህ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን ሪሲቨር ስፈልግ ዝርዝሬ ሌላ ሆነ። ኢአርክ ይኑረው። ክፍሉን በማይክሮፎን ለክቶ ድምፁን የሚያስተካክል ጥሩ ሲስተም ይኑረው። ለፊት ስፒከሮች የፕሪአውት መውጫ ይኑረው፤ አንድ ቀን ጓደኛዬ ካሸነፈኝ ሌላ አምፕሊፋየር መጨመር እንድችል። ዴኖንና ማራንትዝ ኦዲሲ የሚባለውን ማስተካከያ ይጠቀማሉ፣ ያማሃ የራሱ ዋይፓኦ አለው፣ ዲራክ ላይቭ የሚቀበሉም አሉ። ኦዲሲና ዲራክ የሚስተካከለውን የድምፅ ክልል እንድትገድብ የሚያስችሉ ናቸው፤ እኔ ይህን ወድጄዋለሁ። ከ400 ኸርዝ በላይ ያለውን ተወው አልኩት። ከዚያ በላይ ሲነካካ የስፒከሬ ጠባይ ይጠፋብኛል። ከታች ያለውን ቡምታ ግን ልቅም አድርጎ ይቆርጠዋል።

ልኬቱን መጀመሪያ ስሠራ አበላሽቼዋለሁ። ማይክሮፎኑን የሶፋው መደገፊያ ላይ አስቀመጥኩት፤ ለካ መደገፊያው ራሱ ድምፅ ይመልሳል። በካሜራ መቆሚያ፣ በጆሮዬ ከፍታ ደግሜ ለካሁ። በመሃሉ ሪሲቨሩ "የግራ ስፒከር ፌዝ ተገልብጧል" አለኝ። ማሽን ምን ያውቃል ብዬ አለፍኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘፋኙ ከየት እንደሚዘፍን ሳይገባኝ፣ ቤዙም ሳስቶ ከረመ። በመጨረሻ ጎንበስ ብዬ ሳይ ቀዩን ገመድ ጥቁሩ ላይ ሰክቼዋለሁ። ማሽኑ ያውቅ ነበር።

ሌላም አለ። ሪሲቨሩ የፊት ስፒከሮቼን "ትልቅ" ብሎ መዝግቧቸው ነበር። "ትንሽ" አድርጌ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ለሰብዉፈሩ ሰጠሁት። ስፒከሮቹ ቀለላቸው። ለሙዚቃ ደግሞ "ዳይሬክት" የሚለውን ቁልፍ ከመጫን በፊት አስቡበት። ንጹሕ ድምፅ ይመስላል፤ ግን ብዙ ጊዜ የክፍሉን ማስተካከያም ሰብዉፈሩንም አብሮ ያጠፋል።

አሁን ኮንሶሎቼ በሙሉ ከቲቪው ጋር ናቸው። ከቲቪው ወደ ሪሲቨሩ የሚሄደው አንድ ገመድ ብቻ ነው። አዲሱ ሪሲቨር ሰፊ ቀዳዳዎች አሉት፤ አልተጠቀምኩባቸውም። ነገ ሌላ ቁጥር ያለው ኤችዲኤምአይ ቢመጣ ቲቪውና ኮንሶሉ ይነጋገሩበት። ይህ አካሄድ የራሱ ጣጣ አለው። ቲቪዬ ካሉት አራት ቀዳዳዎች ሰፊዎቹ ሁለት ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ራሱ የኢአርኩ ነው። አንዱ ለፕሌይስቴሽኑ ሆነ፣ ስዊቹ በተራው ቀዳዳ ይኖራል። ሁለት ትልልቅ ኮንሶል ያለው ሰው ግን በሪሲቨሩ ማሳለፍ ይሻለዋል። ፕሌይስቴሽኑን ከዶልቢ አውጥቼ ፒሲኤም፣ ማለትም ያልተጨመቀው ድምፅ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ቲቪው ላይም ድምፁን ሳይነካ እንዲያሳልፍ አዘዝኩት። ተኩሱና ድምፁ አንድ ላይ ይመጣሉ።

ሪሲቨሩን ቁም ሣጥን ውስጥ የዘጋሁበት ሳምንትም ነበር። ረጅም ጌም መሃል በሙቀት ራሱን አጠፋ። አሁን ላዩ ክፍት ነው፤ ምንም አይቀመጥበትም።

አሮጌውን ለዚያው ጓደኛዬ ሰጠሁት። መኝታ ቤቱ ውስጥ ሁለት ስፒከር ሰክቶበት ሙዚቃ ይሰማበታል። በቀደም ስሄድ ከኋላ ያሉት ስድስቱ ቀዳዳዎች አቧራ ለብሰዋል። ድምፁ ግን ያው ድምፅ ነው። "ይሄ ነገር ስንት ዋት ነው?" አለኝ። "165" አልኩት።