የግራና የቀኝ ጥርስ

ዛሬ መብራት ቀኑን ሙሉ ስላልነበረ ከሳምንት በፊት ያስቸገረኝን የባንድሶ መጋዝ (በሁለት ጎማዎች ላይ እንደ ቀበቶ የሚዞረውን የግንድ መሰንጠቂያ) ሞርሳ ላይ አሰርኩት። ከወንዶ ገነት የመጣውን የፈረንጅ ጽድ ስንሰነጥቅ 25 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረበት ጣውላ ጫፉ ላይ ልኩን ጠብቆ መሐሉ ላይ እስከ 29 እየወፈረ ይወጣ ነበርና፣ መጀመሪያ በግንዱ አንጓ፣ ቀጥሎም በመጋዙ ውጥረት ላይ አሳብቤ ነበር።

ጥፋቱ ግን የራሴ ነው። መጋዙን አራት ጊዜ ስስል ጥርሶቹ ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚወጡ አንድ ጊዜ እንኳ አልለካሁም። ጥርስ ከሁሉም ይልቅ ወደ ጎን የሚወጣው ጫፉ ላይ ስለሆነና ሲሳል የሚበላውም ይኸው ጫፍ ስለሆነ፣ መጋዙ ስለት ባገኘ ቁጥር በእንጨቱ ውስጥ የሚከፍተው መንገድ እየጠበበ ይሄዳል። በዲያል ጌጁ (ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ በሚያሳየው መለኪያ) ስለካቸው የቀኞቹ 0.50 ሚሊ ሜትር ሲወጡ የግራዎቹ 0.32 ብቻ ሆነው ተገኙ። መጋዝ ደግሞ ይበልጥ ወደ ወጣው ጥርስ ያደላል።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ጋሼ፣ በዓይን አይተን ብናስተካክለው አይሻልም?» አለኝ። ሁለት ጥርሶች አሳይቼ የትኛው እንደሚበልጥ ጠየቅሁት፤ መለየት አልቻለም። ሳልለካ በፊት እኔም አልቻልኩም ነበር።

4 ሜትር የሚረዝመው መጋዛችን በየ22 ሚሊ ሜትሩ አንድ ጥርስ ስላለው በድምሩ ወደ 180 ይደርሳሉ፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛው ቀጥ ብሎ ስለሚደረደሩ 120 ያህሉን ተራ በተራ ማዘንበል ነበረብን። ጥርስ ሲለቁት ጥቂት ወደ ኋላ ስለሚመለስ ከሚፈለገው ልክ አለፍ አድርጎ መግፋት ያስፈልጋል። መታጠፍ ያለበትም ከላይኛው ክፍሉ ነው፤ ከሥሩ ከታጠፈ መጋዙ ከዚያው ይሰነጠቃል። ለእርጥብ ጽድ በየጎኑ 0.55 አደረግነው፤ የጽድ ቃጫ በመጋዙ ጎን መልሶ ስለሚያብጥ ሰፊ መንገድ ይፈልጋል። ለደረቅ ባሕር ዛፍ ይህን ያህል አልከፍትም።

ስለቱን ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጫፉን ብቻ ሳይሆን በጥርሶቹ መካከል ያለውን ጎድጓዳ ጭምር በሞረድ ስስ አድርጌ ላግሁት፤ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች የሚጀምሩት እዚያ ነው። ይህ ሥራ በእጅ እስከ ማታ ፈጀ፣ ግን አልቸኮልኩም።

መጋዙን ከመስቀሌ በፊት በካርቶን ቁራጭ ላይ «ግራ 0.55፣ ቀኝ 0.55፣ አምስተኛ ስለት» ብዬ ጽፌ አሰርኩበት። ነገ መብራት ከመጣ የተረፈውን የጽድ ግንድ በእርሱ እጀምራለሁ።