ግዢ ክፍል የገዛልኝ ቦሮን

ይህን የምጽፈው አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው።

ቃሊቲ ዳር ባለ ላብራቶሪ ነው የማስተርስ ጥናቴን የሠራሁት። ርዕሱ ሞልድ ፍላክስ ነበር። የቀለጠ ብረት በውሃ በሚቀዘቅዘው የመዳብ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ሲወርድ ላዩ ላይ የሚነሰነስ ዱቄት ነው። ቀልጦ በብረቱና በመዳቡ መካከል ይገባል። መስታወት ሆኖ ከቀረ ሙቀት ቶሎ ያሳልፋል፤ ክሪስታል ከሠራ ግን ሙቀቱ ቶሎ እንዳያልፍ ይይዘዋል። ዋናው ክሪስታል ከስፒዲን ይባላል፤ ካልሲየም፣ ሲሊከንና ፍሎሪን አለው። ካርቦኑ 0.1 በመቶ አካባቢ የሆነ ብረት መሰንጠቅ ስለሚወድ ይህ ክሪስታል ያስፈልገዋል። ካርቦኑ ከፍ ያለው ደግሞ ሞልዱ ላይ ስለሚጣበቅ መስታወቱ ይሻለዋል። ሶዲየም ኦክሳይድ ክሪስታሉን ያፋጥናል፣ ቦሮን ኦክሳይድ ያዘገየዋል። እኔ የሁለቱን ጉልበት ለየብቻ ማየት ፈለግኩ።

መመዘኑ፣ መቀላቀሉ፣ በግራፋይት ክሩሲብል (ማቅለጫ ዕቃ) ማቅለጡ፣ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ማፍሰሱ ብዙ አያስቸግርም። ያቃጠለኝ ግዢው ነው።

ቦሮን ኖሮት ሶዲየም የሌለውን ቦሪክ አሲድ ብዬ ጠየቅኩ። ፎርሙ ላይ ግን «ወይም ተመጣጣኝ» የሚል ቃል ታትሟል። ኮሚቴው ርካሹን አየና ቦራክስ ገዛ። ጸሐፊዋ ዘንድ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ይሄ እኔ ያዘዝኩት አይደለም።»

«ቦሮን የለውም እንዴ?»

«አለው።»

«ታዲያ ምን ጎደለህ ልጄ?»

ምን ይጎድላል፣ በዛ እንጂ! ቦራክስ 36.5 በመቶው ቦሮን ኦክሳይድ፣ 16 በመቶ ገደማው ሶዲየም ኦክሳይድ፣ ግማሽ የሚጠጋው ውሃ ነው። አንዱ ክሪስታሉን ሲገፋ ሌላው ይይዘዋል። ውጤቱን ለየትኛው ልስጥ? አማካሪዬ «ሶዳ አሹን (ሶዲየም የምንጨምርበትን ዱቄት) ቀንስና አካክሰው» አሉኝ። ለአንዳንዱ ናሙና ይሠራል። ቦሮን ያለው፣ ሶዲየም ጨርሶ የሌለው ናሙናስ ከየት ይምጣ?

የላብራቶሪው ኃላፊ ደግሞ ዕቃው ደህና መሆኑን ሊያሳዩኝ ተነሡ። መጀመሪያ ውሃውን እናድርቀው ብላቸው አልሰሙኝም፤ እንዳለ ምድጃ ውስጥ አስገቡት። አብሲት እንደገባበት ሊጥ ኩፍ ብሎ ከክሩሲብሉ ወጣ፣ የምድጃው ጡብ ላይ ፈሶ ተጣበቀ። ጡቡ እስኪቀየር ሥራዬ ቆመ። ማንም ይቅርታ አላለኝም። የርክክብ ቅጹን ግን ፈርም ብለው አላስቀምጥ አሉኝ።

በመጨረሻ ቦሪክ አሲዱን ከኪሴ ገዛሁት። ቦሮን የገባበት ናሙና ጥርት ያለ መስታወት፣ ሶዲየም የበዛበት ድፍን ነጭ ሆኖ ጎን ለጎን ሳያቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደረቴን ነፋሁ።

ፎርሙ ላይ የኬሚካል ቀመሩን፣ የንጽህና ደረጃውንና ውሃ ያለው ወይም የሌለው መሆኑን ጻፉ። «ተመጣጣኝ» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዙት፤ ይቆጡ። የእኛ መመሪያ የመዘናችሁትን መጠን ሪፖርት አድርጉ ይላል። እኔ ግን ከቀለጠ በኋላ አስመርምሩት እላለሁ፤ ፍሎሪንና ሶዲየም ሲቀልጡ በከፊል በጋዝ መልክ ያመልጣሉ። ጭሱም መርዝ ስለሆነ ጭስ መሳቢያው ካልሠራ ምድጃውን አትለኩሱ።

ቦራክሱ አሁንም መጋዘን ተቀምጧል። ወርቅ ሠሪ የምታውቁ ካላችሁ ጠይቋቸው፣ ለብየዳ ይሆነዋል።