ቴምዝ ላይ እራት፣ ደቻቱ ዳር ገና

ታኅሣሥ 30

እማዬ ከ1998ቱ የድሬዳዋ ጎርፍ ወዲህ ወንዝ ዳር መቀመጥ አትወድም። ከተማችንን ለሁለት የሚከፍለውን የደቻቱን ወንዝ ስትሻገር እንኳ አሸዋውን አታቋርጥም። ዞራም ቢሆን በድልድዩ ነው የምትሄደው። በጋ ነው፣ አሸዋው ደርቋል፣ ልጆች ኳስ እየተጫወቱበት ነው ብላት አትሰማኝም። "ደንገጎ ላይ ዘንቦ እንደሆነ አንቺ በምን ታውቂያለሽ?" ትለኛለች። ደንገጎ ጎርፉ የሚወርድበት፣ ከከተማው በላይ ያለው ተራራ ነው።

ለዚህ ነው ታናሽ እህቴ ለንደን ላይ "የገና እራት በመርከብ እጋብዛችኋለሁ፣ ቴምዝ ወንዝ ላይ" ስትል መጀመሪያ የእማዬን ፊት ያየሁት። እማዬ ግን ልጇን ማስከፋት አልፈለገችም። "ዋና የሚችል ሰው አብሮን አለ?" ብላ ብቻ ጠየቀች። እህቴ የነፍስ አድን ጃኬት ለሁሉም ሰው እንዳለ ነገረቻት። "በይ እንግዲህ፣ እመብርሃን ትከተለን" አለች።

በዚያ አገር ከገና በፊት ያሉት ሳምንታት የድግስ ሳምንታት ናቸው። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ ቤተሰቦች፣ ፍቅረኞች እየተጠራሩ ይወጣሉ። የእራት መርከቦቹም በዚህ ጊዜ ሥራ ይበዛባቸዋል። እኛ የተሳፈርነው ዌስትሚንስተር ከሚባለው ወደብ ነው፤ ከፓርላማው ትልቅ ሰዓት ሥር። መርከቡ ረጅምና ዝቅ ያለ ነው፤ ድልድዮቹ ሥር ማለፍ ስላለበት። ግድግዳውም ጣሪያውም መስታወት ነው። ጠረጴዛው ላይ ሻማ የመሰለ መብራት፣ ጥድ ቅጠል፣ ቀይ ናፕኪን። ከየሳህኑ አጠገብ ደግሞ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ክራከር የሚሉት ነገር ተቀምጧል። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ሲስበው ጧ ይልና ከውስጡ የወረቀት ዘውድ ይወጣል። ሽማግሌ፣ ወጣት፣ ክራባት ያሰረ ሰውዬ ሳይቀር ሁሉም ዘውዱን ይደፋል። እማዬ በነጠላዋ ላይ አረንጓዴ ዘውድ ደፍታ ያነሳኋትን ፎቶ እስካሁን ቶሎ ቶሎ እያወጣሁ አየዋለሁ።

ምግቡ አሳስቦኝ ነበር። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ የሚፈታው በእኛ ገና ነው። የፈረንጆቹ ገና ደግሞ ታኅሣሥ 16 ላይ፣ ጾሙ መሃል ነው የሚውለው። የእነሱ የበዓል ገበታ ቱርክ ዶሮ፣ ቋሊማ፣ በቅቤ የተሠራ መረቅ ነው። እህቴ ቦታ ስትይዝ ለእኔና ለእማዬ ቪጋን ብላ አስመዝግባ ነበር። አስተናጋጁ ለውዝና እንጉዳይ ተፈጭቶ የተጋገረበት ምግብ አመጣልን፤ ከጎኑ የተጠበሰ ድንች፣ ካሮትና እንደ እንቁላል የሚያህሉ ጥቅል ጎመኖች። እማዬ ማንኪያ ከማንሳቷ በፊት በእህቴ በኩል ጠየቀች። ቅቤ? ወተት? እንቁላል? ልጁ ሳይሰለች ሄዶ የምግቡ ዝርዝር የተጻፈበትን ወረቀት አምጥቶ እያንዳንዱን አነበበላት። ያ ልጅ ይባረክ። እንግዳ አገር ሄደሽ ጾምሽን የሚያከብርልሽ ሰው ስታገኚ ልብሽ ይሞላል።

መርከቡ ቀስ ብሎ ይሄዳል። የቅዱስ ጳውሎስ ጉልላት አለፈ። ታወር ብሪጅ ሥር ስናልፍ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ላይ አንጋጠጠ። ድልድዩ በፈረንጆች 1894 ነው የተመረቀው። የእኛ ከተማ የተወለደችው ከዚያ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1902፣ የጅቡቲ ባቡር እዚህ ሲደርስ ነው። እሱን እያሰብኩ ነበር። እማዬ ግን ድልድዩን አላየችም። የምታየው የወንዙን ዳር ግድግዳ ነበር። "ይኼ ለምንድነው እስከዚያ ላይ ድረስ ርጥብ የሆነው?" አለች።

እህቴ አስረዳቻት። ቴምዝ ለንደን ላይ እንደ ባሕር ይተነፍሳል። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ሁለት ጊዜ ይለቀዋል። ከፍ ባለበትና ዝቅ ባለበት መካከል ያለው ልዩነት እስከ ሰባት ሜትር ይደርሳል። እማዬ ሹካዋን አስቀመጠች። "እና ሰዉ ይኼን እያወቀ እዚህ ላይ ይደግሳል?"

ከዚያ በኋላ የእራታችን ወሬ ሌላ ሆነ። እህቴ ዳርቻው ላይ ስለተደረደሩት የነሐስ አንበሶች ነገረችን። አፋቸው ላይ ቀለበት አለ። ውሃው አንበሶቹ አፍ ከደረሰ ከተማዋ አደጋ ላይ ናት የሚል የቆየ አባባል አላቸው። በፈረንጆች 1953 ባሕሩ ሌሊት ተነስቶ በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከ300 በላይ ሰው ገድሏል። ከዚያ ወዲህ ነው ለወንዙ በር የሠሩለት። ከከተማዋ ወደታች፣ አሥር የብረት መዝጊያዎች ያሉት ግድብ ነው፤ በ1984 ተመረቀ። ባሕሩ ሲያስፈራ ይዘጉታል። ባያስፈራም በየወሩ እየዘጉ ይፈትሹታል። የእኛ መርከብ እዚያ አልደረሰም፤ ግሪኒች አካባቢ ዞሮ ተመለሰ። እማዬ ግን ከሁሉ ነገር ያንን በር ማየት ፈለገች። ሙዚቃው ተከፍቶ ሰው መጨፈር ሲጀምር እንኳ "በየወሩ?" እያለች ደጋግማ ትጠይቅ ነበር። "ባይመጣም በየወሩ?"

ያ ጥያቄዋ አብሮኝ ወደ ድሬ መጣ።

የእነሱን ገና አልጠበቅንም። እማዬ ለቁልቢ ገብርኤል ስለት ስላለባት ለታኅሣሥ 19 መድረስ ነበረብን። ድሬ ስንደርስ ከተማው በተሳላሚ ጢም ብሏል። አልጋ የለም፣ ባጃጅ የለም። በእግሩ የሚሄደው ሰው ዱላውን ይዞ ወደ ደንገጎ ዳገት ሲወጣ አየን። እማዬ ስለቷን አግብታ ተመለሰች፤ ፊቷ ፈክቶ።

እኔ ግን በእነዚያ ቀናት ሁሉ ደቻቱን እንደ አዲስ ነበር የማየው። ከከዚራ ወደ መጋላ ስሻገር ድልድዩ መሃል እቆማለሁ። ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው ነው ከተማችን እዚህ ከተራራው እግር ሥር የተቆረቆረችው። በአንድ በኩል ባቡር ጣቢያውና በፕላን የተሠራው ከዚራ፣ በሌላ በኩል መጋላ። መሃላቸው ይኼ አሸዋ። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለበትም። ሰው ያቋርጠዋል፣ ግመል ያቋርጠዋል፣ ሻጭ ሸራውን ዘርግቶ ይቀመጥበታል። እህቴ እንደነገረችን ቴምዝም በድሮ ክረምት በረዶ ሆኖ ሲጠጥር የለንደን ሰዎች ላዩ ላይ ገበያ ይተክሉበት፣ ሥጋ እየጠበሱ ይበሉበት ነበር። የመጨረሻው በፈረንጆች 1814 ነው። ስትነግረን እኔ ያየሁት የደቻቱን አሸዋ ነው።

ጎርፉ የመጣው በ1998 ዓ.ም.፣ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ነው። ዝናቡ የጣለው ከላይ ደጋው ላይ ነው። ውሃው ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ በጨለማ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙው ከተኛበት ሳይነሳ። ቤት የፈረሰበት በሺዎች ነው። የእማዬ የቡና ጓደኛ ከነልጆቿ ሄደች። ማታ አብረው ቡና ጠጥተዋል። እማዬ ስለዚያ ሌሊት ጠይቀናት አታውቅም፤ እሷም አንስታው አታውቅም። ሐምሌ 30 ሲመጣ ብቻ ማለዳ ተነስታ ቤተክርስቲያን ትሄዳለች።

ከዚያ በኋላ ዳርና ዳሩን ግንብ ተሠርቷል። ጥሩ ነው፣ መሠራት ነበረበት። ግን ከግንቡ ወዲህ ሆነን ወንዙን ጀርባ ሰጠነው። ፌስታል እንጥልበታለን፣ የፈረሰ ቤት አፈር እናፈስበታለን። አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሁሌ የሚቆጨኝ። ድሬ የምትጠጣው ከመሬት በታች ያለውን ውሃ ነው፤ እነ ሳቢያን ካሉት ጉድጓዶች። ጎርፍ ሲወርድ ውሃው በእነዚህ አሸዋዎች ውስጥ እየሰረገ ነው ወደ ታች የሚገባው። የምንጠጣው ውሃ የሚገባበትን መንገድ ነው የምናቆሽሸው። ቴምዝም እኮ ንጹሕ ሆኖ አልተፈጠረም። በፈረንጆች 1858 በሙቀቱ ወራት ሽታው ፓርላማውን አላሠራ ብሎ ነበር። ከዚያ ነው ትልልቅ የፍሳሽ ቦዮች የቆፈሩት፤ ከእነሱም የተወሰነው ያኔ ባየነው የዳርቻ ግንብ ውስጥ ነው የሚያልፈው። አሁን በላዩ ላይ ሰው የበዓል እራት ይበላል። ደቻቱ ላይ መርከብ አይሄድም፣ ይኼን አውቃለሁ። ዳሩ ላይ ግን ገበታ መዘርጋት ይቻላል።

ለእማዬ የነገርኳት የገና ዋዜማ ሽንኩርት እየከተፍን ነው። "ነገ እራታችንን ውጭ እንብላ። ግንቡ ጥግ።" ቢላዋዋን አላቆመችም። ዝም አለች። ቆይታ "ወፈፍ አደረገሽ?" አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ረዘም ካለ ጊዜ በኋላ፦ "ሐጃን ጠይቂያት፣ እሷ ከወጣች እወጣለሁ።"

ሐጃ የግድግዳ ጎረቤታችን ናት። እኔን ያሳደገችኝ ማለት ይቻላል። ጥያቄዬን ስትሰማ "ወላሂ ጥሩ ሐሳብ ነው" ብላ ከልጆቿ አንዱን አግዳሚ ወንበር ፍለጋ ላከችው። ስለ ምግቡ ማሰብ አላስፈለገንም። እኛ ሰፈር ለበዓል ሁልጊዜ ሁለት ድስት ነው የሚጣደው። የእኛን ዶሮ እኛ እናርዳለን። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን የገዛነውን ዶሮ በቁሙ ለሐጃ እንሰጣታለን፤ በእነሱ እጅ ይታረዳል፣ በእሷ ድስት ይሠራል። ለኢድ ደግሞ እነሱ ለእኛ እንደዚያው ያደርጋሉ። ያንን የመርከቡን አስተናጋጅ ያስታወሰኝ ይኼ ነው። ሌላው የማይበላውን አውቀሽ በሰዓቱ ካሰብሽበት ማንም ከገበታ አይቀርም።

ትናንት ማታ ፀሐይ ስትገባ ጠረጴዛውን አወጣን። የታኅሣሥ ማታ ድሬ ላይ ምን እንደሚመስል እዚህ የኖረ ያውቃል፤ ሙቀቱ ይለቅና ለስለስ ያለ ነፋስ ይመጣል። የጎረቤት ልጆች በማራዘሚያ ገመድ አምፖል አበሩ። ድፎ ዳቦው መጣ፣ ሁለቱ ወጥ በየድስቱ መጣ፣ ሐጃ ሳምቡሳና አንድ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ሆጃ የሚባል ትኩስ መጠጥ ይዛ መጣች። የሚያልፉ ባጃጆች ቆም እያሉ "አቦ እንኳን አደረሳችሁ!" ይላሉ። ሁለቱ ወርደው ቁጭ አሉ። እህቴ በስልክ ቪዲዮ ገብታ እዚያ ብርዱን እያማረረች እኛን አየች።

እማዬ ወንበሯን ራሷ ነው የመረጠችው። ሁላችንም ወደ ገበታው ዞረን ስንቀመጥ እሷ ፊቷን ወደ ደንገጎ አድርጋ ተቀመጠች። ማንም ምንም አላላትም። ዳቦው ተቆርሶ፣ ወጡ ወጥቶ፣ ልጆቹ ጠግበው መሯሯጥ ሲጀምሩ ከሐጃ ልጅ ልጆች አንዱ ግንቡ ላይ ሊወጣ ሞከረ። እማዬ "ና ውረድ፣ ና ወዲህ" አለችው። "ለምን?" አላት። አጠገቧ አስቀመጠችውና ነገረችው።

ድምፁን ነገረችው። መጀመሪያ የባቡር መስሏት እንደነበር። ጣሪያ ላይ ማን እንዳወጣት። ጠዋት ጭቃው ውስጥ የጓደኛዋን ረከቦት እንዳገኘች። የጓደኛዋን ስም ጠራች፣ የልጆቹንም በየተራ። እሷ ስትጨርስ ሐጃ የወንድሟን ስም ጠራች። የሐጃ ወንድም በዚያ ሌሊት እንደሞተ እስከ ትናንት አልሰማሁም ነበር። ከዚያ ከባጃጅ የወረደው ሰውዬ የአባቱን ስም ተናገረ። ማንም አላለቀሰም ማለት አይደለም። ግን መብላትም አላቆምንም። በመሃል ሐጃ ሆጃውን ትቀዳለች፣ እማዬ ዳቦ ትጨምራለች። ልጁ "አሁንስ ቢመጣ?" ሲል ሁሉም ትልቅ ሰው ባንድ ጊዜ ማስረዳት ጀመረ፤ ወዴት እንደሚሮጥ፣ ማንን እንደሚጠራ፣ ደንገጎ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ምን እንደሚደረግ።

እማዬ ያኔ ወደ እኔ ዞረች። "በየወሩ ይኼን ማድረግ ነው እንግዲህ" አለች።

ዛሬ ጠዋት ወንበር ልመልስ ሐጃ ቤት ገባሁ። ለኢድ ገበታውን እነሱ ያወጡታል፤ ከወዲያ ማዶ ያሉትንም ቤቶች እንጠራለን ብላለች። ከዚያ በፊት ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን ግንቡ ሥር ያለውን ፌስታል እንለቅማለን፣ ጆንያ እኔ አመጣለሁ። እማዬ ተስማምታለች። ክረምት ከገባ ግን አንድም ሰው እዚያ እንዳይቀመጥ፣ ሐምሌ 30ን እንኳ ቤት ውስጥ እንድናደርገው አስጠንቅቃለች።