ዕድሜ ቀንሶ ስለ እምነት ማስተማር አይቻልም

በጅማ ከትምህርት ሰዓት ውጭና በክረምት የዕረፍት ወራት ታዳጊዎችን ያለ ክፍያ እግር ኳስ የምናሰለጥን ሰዎች ለምን እንደምንደክም ስንጠየቅ፣ ብዙዎቻችን ልጆቹ በመልካም ጠባይና ፈጣሪን በመፍራት እንዲያድጉ ነው ብለን እንመልሳለን። መልሱ ከልብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእኔም መልስ ይኸው ነው። ሆኖም ይህ ቃላችን በዋናነት የሚፈተነው የውድድር መመዝገቢያ ቅጽ ቀርቦልን የልጁን የትውልድ ዘመን በምንጽፍበት ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ።

ዕድሜ መቀነስ የእግር ኳሳችን የቆየ ሕመም ነው። አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው መጥተው፣ «ወንድሜ፣ ሁለት ዓመት ብቻ ቀንስለት፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው» ብለውኛል። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ የ17 ዓመት ልጅ ከ15 ዓመት በታች ካሉት ጋር ሲሰለፍ በጉልበትም በፍጥነትም ልቆ ስለሚታይ፣ የክለብ መልማዮች ዓይን ውስጥ ይገባልኛል ብለው ተስፋ ስላደረጉ ነው። ግን የእርሳቸው ልጅ የሚይዘው ቦታ በትክክለኛ ዕድሜው የመጣ የሌላ ሰው ልጅ ቦታ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ባዘጋጀችው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ የሰውነትን ውስጥ በምስል በሚያሳየው የኤምአርአይ መሣሪያ ማስመርመር ጀምሯል፤ የአጥንቱ የማደጊያ ክፍል ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ተጫዋቹ ከ17 ዓመት በላይ የመሆኑ ዕድል እጅግ ከፍተኛ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ልጁ መሣሪያው ፊት ከመቅረቡ በፊት የሚኖረው ኑሮ ነው። የሐሰት የልደት ቀኑን ያጠናል፣ አብረውት የተማሩትን ልጆች ይሸሻል፣ ታናሽ ወንድሙ በወረቀት ላይ ታላቁ ይሆናል። ይህን ሁሉ በአሰልጣኙ ፈቃድ የተማረ ልጅ፣ ያው አሰልጣኝ ቆሞ ስለ እውነት ሲናገር በምን ልብ ይሰማዋል?

በቡድናችን ሙስሊም፣ ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት ልጆች አብረው ይጫወታሉ። ሃይማኖታቸውን የሚያስተምሯቸው ወላጆቻቸው፣ መድረሳው፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያናቸው ናቸው፤ የእኔ ድርሻ እዚያ የተማሩትን ሜዳ ላይ አለማፍረስ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በየካቲት ተከታትለው ሲገቡ ሩጫውን ቀንሰን ኳስ በመቀባበል ላይ አተኮርን፤ ልጆቹም አንዱ የሌላውን ጾም ማክበርን በዚያው ለመዱ። በልምምድ ጨዋታ ዳኛ አናቆምም፤ ኳስ በእጁ የነካ ልጅ ራሱ እጁን አውጥቶ ይናገራል። መጀመሪያ ይከብዳቸዋል፤ ከጊዜ በኋላ ግን ያልተናገረውን የራሱ ቡድን ልጆች ይቆጡታል።

ለልጆቹ ደጋግሜ የምነግራቸው የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 እዚሁ ጅማ ተወለዱ፤ በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣውን ብሔራዊ ቡድን አሰልጥነዋል፤ ከ1972 እስከ ሞቱበት 1987 ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መርተዋል። ልጆቹ ዋንጫውን ይወዱታል። እኔ ግን አብልጬ የምተርክላቸው፣ የአፓርታይድ አገዛዝ ተጫዋቾችን በዘር የለየባት ደቡብ አፍሪካ ከአህጉሩ ውድድር ውጭ እንድትሆን በጽናት መሟገታቸውን ነው፤ ለእርሳቸው ከውድድሩ ይልቅ የውድድሩ ፍትሕ ይቀድም ነበር።

የዕድሜ ገደቡን ያለፉ ልጆችን አናሰናብትም። ትንንሾቹን ያሟሙቃሉ፣ በረኞችን ያለማምዳሉ፣ በወዳጅነት ጨዋታ ፊሽካ ይነፋሉ። ከወላጆች የምጠይቀው የክትባት ካርድ ወይም ልጁ አንደኛ ክፍል ሲገባ የተመዘገበበትን ማስረጃ ነው፤ ሁለቱም የተጻፉት ማንም ስለ ኳስ ሳያስብ ስለሆነ እተማመንባቸዋለሁ። በጅማ ለምታሰለጥኑ ወንድሞቼና እኅቶቼም አንድ ሐሳብ አለኝ፦ የዚህ ክረምት ውድድር ከመጀመሩ በፊት የተጫዋቾቻችንን ስም ዝርዝር ከእነዚህ ማስረጃዎች ጋር እንለዋወጥ፤ እኔ የቡድኔን አስቀድሜ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።