የማን ሰማንያ አራት?

ደመናው ከጠዋት ጀምሮ አልገለጥ ብሏል። እንዲህ ባለ ቀን የተጻፈ ነገር ሁሉ አይጥመኝም፤ መ. ያን ትንታኔ የላከችልኝም ለክፋቱ ዛሬ ነው። አፕል ማኪንቶሽ የተባለውን ኮምፒውተሩን እ.ኤ.አ. በ1984 ያስተዋወቀበት የ60 ሰከንድ ማስታወቂያ፣ የፊልም ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት የሠራው፣ በሬቶሪክ (በንግግር ጥበብ) ሲመረመር። በማስታወቂያው አንዲት ሯጭ፣ አንድ መሪ ለተሰበሰቡ ሰዎች የሚደሰኩርበትን ግዙፍ ስክሪን በመዶሻ ትሰብራለች። «እንዴት አየኸው?» ነው ያለችው፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

እንዴት አየሁት? ጸሐፊው ሦስት ሣጥን ሠርቶ ያገኘውን እየለቀመ ከትቷል። ሯጯ ፓቶስ (ስሜት)፣ የኩባንያው ስም ኤቶስ (የተናጋሪው ተአማኒነት)፣ መጨረሻ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ሎጎስ (ማስረጃና ምክንያት)። ሣጥኖቹ ሞሉ፤ ማስታወቂያው እንዴት እንደሚሠራ ግን እንዳልታወቀ ቀረ። ሎጎስ የተባለውን እንኳ እንየው። አፕል ኮምፒውተር ጃንዋሪ 24 ማኪንቶሽን ያወጣል፣ 1984 ለምን እንደ «1984» (ጆርጅ ኦርዌል ስለ አምባገነን አገዛዝ የጻፈው ልብ ወለድ) እንደማይሆንም ታያላችሁ ይላል፤ አለቀ። ማስረጃው የታለ? ዋጋው 2,495 ዶላር መሆኑ አልተነገረም። 128 ኪሎባይቱ፣ ባለ 9 ኢንች ስክሪኑ፣ ማውሱ፣ አንዱም የለም። ዕቃው ራሱ እንኳ አይታይም። ያለው በልጅቷ ነጭ ካናቴራ ላይ በመስመር የተሣለ ምስሉ ብቻ ነው፤ እሱም እየሮጠች ስለሆነ ካልፈለጉት አይያዝም።

እንዲህ ያለ ነገር መጀመሪያ ድምፁ ጠፍቶ ነው መታየት ያለበት። ያኔ ቀለሙ ይወጣል፦ ግራጫ ወደ ሰማያዊ ያደላ ዋሻ፣ ፀጉራቸውን የተላጩ ሰዎች በሰልፍ፣ በመሀሉ የአንዲት ሴት ደማቅ ቁምጣ። ቀጥሎ ዓይን ተጨፍኖ ይሰማል። ዘፈን የለም። የጫማ ድምፅ አለ፣ በስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ ደግሞ አያባራም፤ የመጀመሪያውን «ክቡር» ዓመት በዓል እያከበርን ነው እያለ ይደሰኩራል። እስከ መጨረሻዎቹ ሰከንዶች ድረስ ንግግር ያለው ጠላት ብቻ ነው! ልጅቷ መዶሻውን አዙራ ትወረውራለች እንጂ አንዲት ቃል አትተነፍስም። ትንታኔው የሰውየውን ዲስኩር ቃል በቃል ሲተነትን ሁለት ገጽ ጨርሷል፤ ዝምታዋን ግን አላየውም። እንዲህ የሚሆነው ከስክሪፕቱ ተነስቶ የሚተነትን ሰው ነው፤ ዝምታ በስክሪፕት ላይ ቦታ አይዝም።

ሦስተኛው ሥራ ያልተባለውን መጻፍ ነው። እዚህ ላይ ያልተባለው የአፕል ተፎካካሪ የነበረው የኮምፒውተር ኩባንያ አይ.ቢ.ኤም. ነው። ስሙ አልተጠራም፣ ምልክቱ አልታየም። ደግነቱ ማወዳደሪያ አለን፤ ከአፕል መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ1983 መጸው ይህንኑ ማስታወቂያ ሃዋይ ላይ ለሻጮቹ ሲያሳይ፣ አስቀድሞ የአይ.ቢ.ኤም.ን ታሪክ በስም እየጠራ ዘርዝሮ ነው፣ በመጨረሻም ኦርዌል ልክ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። አንድ ክርክር ነው፣ አንዴ ከነምሰሶው፣ አንዴ ምሰሶው ተነቅሎ። አርስቶትል ኤንቲሜማ የሚለው ይህን ነው፦ ተናጋሪው መነሻውን ይተዋል፣ ሰሚው ራሱ ይሞላዋል፣ የሞላውንም የራሱ ሐሳብ አድርጎ ይወስደዋል። ሣጥን የለውም፤ ስለዚህ ትንታኔው ውስጥ የለም። (እነዚያ ስክሪን ላይ አፍጥጠው የተቀመጡ ሰዎች፣ ሱፐር ቦውልን፣ የአሜሪካ ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታን፣ ሊያይ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ለተቀመጠ ሕዝብ መታየታቸውም በአንድ የግርጌ ማስታወሻ ታልፏል። ኧረ በስንቱ!)

ኤንቲሜማንና ሰምና ወርቅን አንድ ናቸው አልልም፤ ዘመዳሞች ናቸው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን ያለጥርጥር ቅኔ ነው። ኅብሩ፣ ሁለቱን ፍቺ የሚሸከመው ቃል፣ «1984» ነው፣ ሰሙ ዓመቱ፣ ወርቁ እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው መጽሐፍ። ጽሑፉ ላይ ትምህርተ ጥቅስ ይለያቸዋል፤ ሲነበብ ግን ጆሮ የሚሰማው አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ነው።

እዚህ ጋ ስደርስ ነው ነገሩ የተበላሸብኝ። ማስታወቂያው በሱፐር ቦውል የታየው ጃንዋሪ 22 ነው፤ በእኛ ጥር 13 ቀን 1976፣ ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ቀን። ኅብሩ የሚሠራው ያንን ቁጥር የዓመት ስም ላደረገ ሰው ብቻ ነው። ለእኛ ያ ዓመት ከፊሉ ሰባ ስድስት፣ ከፊሉ ሰባ ሰባት ነው። ሰባ ሰባት ሲባል ደግሞ ማንም «ምን ሆነ?» ብሎ አይጠይቅም። ድርቅ የሚል ቃል መጨመር አያስፈልግም፤ ሰሚው ሞልቶ ይጨርሰዋል፣ ይከብደዋልም። እነሱ ከልብ ወለድ የተዋሱትን ክብደት እኛ ያለ መጽሐፍ ተሸክመነዋል፤ ያውም በዚያው ዓመት። ከስክሪኑ የሚወርደው የዓመት በዓል ዲስኩርም ቢሆን፣ መስከረም 2 ቀን 1977 የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ላከበረ ሰው ትንቢት አይመስለውም፤ ዜና ነው።

የራሳችን ሰማንያ አራትስ? እሱ የገባው ግንቦት 20 ባለፈ በሦስት ወር ከምናምን ነው። እንግዲህ 1984 እንደ «1984» አይሆንም የሚለውን ተስፋ በራሱ ቁጥር መዝኖ መመለስ የሚችል ሌላ ካላንደር አለ ማለት ነው። ሆነ ወይስ አልሆነም? ይህን ለሚያውቁት ልተወው።

ያን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ለመመለስ ስሞክር መሸብኝ። «ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አራት» በእኔ ቆጠራ 10 ቀለም (ክፍለ ቃል) ነው፣ ሁለቴ ሲባል 20፤ እንግሊዝኛው አንዱን በ5 ይገላገለዋል። «ሰማንያ አራት» ብዬ ባሳጥረው አንባቢዬ የሽግግሩን ዘመን ያስብብኛል። «76» ብለው መጽሐፉ ይጠፋል። የቀረኝ «እ.ኤ.አ.» መጨመር ነው፤ ግን በ«እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር» የሚጀምር መፈክር ሰምቶ መዶሻ የሚወረውር ማን ነው?

መ. እስካሁን መልስ እየጠበቀች ነው። «ደህና ነው» ብላት ይሻል ነበር።