ኮምቡቻ በአዲስ አበባ ብርድ

በዚህ ክረምት የጠመቅኩት ኮምቡቻ (ጣፋጭ ሻይ ፈልቶ የሚሠራ ኮምጣጣ መጠጥ) በመጨረሻ እንደልቤ ኮመጠጠ። ደስ ስላለኝ ላካፍላችሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ ከ60 እስከ 80 ግራም ስኳር፣ ጥቂት የውሽውሽ ሻይ ቅጠል። ሲቀዘቅዝ ስኮቢው (ሻዩን የሚያፈሉት ጥቃቅን ሕዋሳት የሠሩት ልስልስ ሽፋን) ከነኮምጣጣ ውሃው ይገባና በንጹህ ጨርቅ ይከደናል።

ችግሩ ብርዱ ነው። ኮምቡቻ የሚመቸው ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ነው። የሐምሌ ሌሊት ያንን ከየት ያመጣል? መፍላቱ ሲዘገይ ሻጋታ ይቀድመዋል። በጋቢ ጠቅልሉት የሚሉ አሉ። ጋቢ ያለውን ሙቀት ያቆያል እንጂ ሙቀት አይፈጥርም። ካርቶን ውስጥ አምፖልም አብርቻለሁ። የአሁኑ ኤልኢዲ አያሞቅም። የድሮው ቢጫ አምፖል ያሞቃል፤ ግን መብራት ሲሄድ ያው ነው፣ አብርቶ መተኛትም ያስፈራል።

የሠራልኝ እርሾውን ማብዛት ነው። ሰው ሁሉ ስለ ስኮቢው ውፍረት ይጨነቃል፤ ለኔ ዋናው ውሃው ነው። ካለፈው ዙር ያስቀረሁትን ኮምጣጣ ሻይ ድሮ የጠቅላላውን አንድ አስረኛ ነበር የምጨምረው። አሁን አንድ አምስተኛ አድርጌዋለሁ። ሻዩ ገና ሲጠመቅ ስለሚኮመጥጥ ሻጋታ አይደፍረውም፣ ቀስ ብሎ ቢፈላም ግድ የለኝም። የፒኤች ወረቀት (የኮምጣጣነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበዛል) ካላችሁ እርሾው እንደገባ ከ4.5 በታች መሆኑን እዩ። ቀን መቁጠር ትቻለሁ፤ ፒኤቹ 3 አካባቢ ሲደርስ እቀምሰዋለሁ። ላዩ ላይ ደረቅና ጸጉራም ነገር ካያችሁ ግን ከነስኮቢው ድፉት። ገፍፎ መጠጣት የለም።

ያስጀመረኝ ጨጓራዬ ነው። በፍልሰታ እርጎ ስለሌለ ለሆዴ ምትክ ፈልጌ ነበር። «ጨጓራዬን ፈወሰልኝ» የሚሉ አሉ፤ የኔን አልፈወሰም። እንዲያውም በባዶ ሆድ ያቃጥለኛል። አሲድም ካፌይንም ስላለው አይገርምም። ከምሳ በኋላ ግማሽ ብርጭቆ ስጠጣ ቀለል ይለኛል፣ ምናልባት ስለምወደው ይሆናል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ ኮምቡቻ ለጤና ስላለው ጥቅም በሰው ላይ የተሠራ ያገኘው አንድ ጥናት ብቻ ነበር። ስለዚህ ኤች ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያ) ያለባችሁ መድኃኒታችሁን እንዳትተዉ። እርጉዞች ደግሞ ቢቀርባችሁ ይሻላል፤ ጥቂት አልኮልም አለው።

አሁን ዝንጅብል ጨምሬ በጠርሙስ ዘግቼዋለሁ። ጋዙ በብርዱ እምቢ ብሏል። ክዳኑ በሽቦ የሚጠብቅ ጠርሙስ የት እንደሚሸጥ የምታውቁ ጠቁሙኝ።